ጋሬት ሞርጋን እና የመስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ

ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ መስቀለኛ መንገድ የሚመጡ መንገደኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያልፉ አይችሉም፤ አንዱ እንዲያልፍ ሌላው መቆም አለበት። ማን ቀድሞ ይለፍ፣ ማንስ ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ የትራፊክ ሥርዓት ሁሉ መነሻ ነው። ለዚህ ጥያቄ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማይናቅ መልስ ካበረከቱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ጋሬት ኦገስተስ ሞርጋን ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ የዓለም ከተሞች ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ የሚገኝበትን ቦታ በሳተላይት አማካይነት አውቆ ለትራፊክ መብራቱ እያሳወቀ ቅድሚያ የሚያገኝበት አሠራር ተስፋፍቷል። ይህ ቴክኖሎጂ በሞርጋን ዘመን ያልነበረ ቢሆንም፣ አሠራሩ የሚጠብቀው የደኅንነት መርህ ግን እርሱ ከመቶ ዓመት በፊት ካሰበው ጋር አንድ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ሞርጋን እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1877 በኬንታኪ ግዛት፣ ፓሪስ በምትባል ከተማ አጠገብ በሚገኘው ክሌይስቪል በተሰኘ የጥቁሮች መንደር ተወለደ። አባቱ ሲድኒ ሞርጋን፣ እናቱ ደግሞ ኤሊዛቤት ሪድ ይባሉ ነበር። ባርነት በአሜሪካ በሕግ ከተሻረ ገና 12 ዓመት ያህል ብቻ ያለፈው በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ነፃነትን ያገኘ ቢሆንም ሀብትም ሆነ እኩል ዕድል አላገኘም ነበር። ጋሬት ለወላጆቹ ከተወለዱት 11 ልጆች ሰባተኛው ሲሆን፣ የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው በእርሻ ሥራ ቤተሰቡን እየረዳና የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን እየተከታተለ ነው።

ዕድሜው ከ14 ዓመት ሳያልፍ የትውልድ መንደሩን ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሄደ። በዚያም በአንድ ባለጸጋ ቤት ልዩ ልዩ የጥገናና የጉልበት ሥራ እየሠራ ይተዳደር ጀመር። መደበኛ ትምህርቱን መቀጠል ባይችልም ከደመወዙ ላይ ቀንሶ አስጠኚ በመቅጠር ቋንቋና ሌሎች ትምህርቶችን ተማረ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የተገነቡት በዚህ በራስ ጥረት በተገኘ እውቀትና በእጁ በለመደው ሙያ ላይ ነው።

የስፌት መኪና ጠጋኙ

እ.ኤ.አ. በ1895 ሞርጋን በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ክሊቭላንድ ተዛወረ። ከተማዋ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በፋብሪካዎቿ የታወቀችና በፍጥነት የምታድግ ነበረች። ሞርጋን በአንድ ልብስ ማምረቻ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ማሽን ፈታትቶ መገጣጠም ብቻ ሳይሆን ጉድለቱን መርምሮ ማሻሻልንም የተማረው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 የራሱን የስፌት መኪና መጠገኛና መሸጫ ሱቅ ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ከባቫሪያ የመጣችውን ልብስ ሰፊ ሜሪ አን ሃሴክን አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆችንም አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ባልና ሚስቱ 32 ሠራተኞች ያሉት የሴቶች ልብስ መደብር አቋቋሙ። የስፌት መርፌ በፍጥነት ሲመላለስ ሙቀቱ የሱፍ ጨርቅን እንዳያቃጥል የሚያለሰልስ ፈሳሽ ሲቀምም፣ ፈሳሹ የጨርቁን ጭገር እንደሚያቃና በአጋጣሚ ማስተዋሉ ይነገራል። ይህን ተከትሎ የፀጉር ማለስለሻ ቅባት አዘጋጅቶ ለገበያ አቀረበ። ከዚህ ንግድ ያገኘው ገቢ ለኋለኞቹ የፈጠራ ሥራዎቹ የገንዘብ ምንጭ ሆነለት።

የጭስ መከላከያው ጭምብል

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእሳቱ ይልቅ በጭሱ ታፍነው ሲሞቱ ማየት በዘመኑ የተለመደ ነበር። ሞርጋን ጭስና ትኩስ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ወለሉ አካባቢ ግን የተሻለ አየር እንደሚቀር አስተዋለ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ራስን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና እስከ መሬት የሚደርስ ረጅም የአየር ቱቦ ያለው ጭምብል ሠራ፤ በቱቦው ጫፍ የተቀመጠው እርጥብ ስፖንጅም የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘውና ያጣራው ነበር። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑ ቢረጋገጥም የሠራው ሰው የቆዳ ቀለም ለሽያጩ እንቅፋት ሆነ። በተለይ በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰው የሠራውን ዕቃ ለመግዛት ፈቃደኛ ያልሆኑ ብዙ ስለነበሩ፣ ሞርጋን ነጭ ሰው የመሣሪያው ባለቤት መስሎ እንዲያስተዋውቅ ያደርግ ነበር። እርሱ ራሱ ደግሞ እንደ ረዳት ሆኖ፣ ጭምብሉን አጥልቆ በጭስ ወደታፈነ ድንኳን በመግባት ለተመልካች ያሳይ ነበር። በገዛ ሥራው ላይ ሌላው ሰው እንዲቀድም፣ እርሱ ከኋላ እንዲቆም ተገደደ።

ከኤሪ ሐይቅ ሥር

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1916 ሌሊት፣ ለክሊቭላንድ ከተማ የመጠጥ ውኃ ለማምጣት ከኤሪ ሐይቅ ሥር ይቆፈር በነበረው ዋሻ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ፈነዳ። በውስጥ የነበሩት ሠራተኞች መውጫ አጡ። እነርሱን ለማዳን ቀድመው የገቡ ነፍስ አድን ሠራተኞችም በመርዛማው ጋዝ ተሸንፈው ከመካከላቸው በርካቶች በዚያው ቀሩ።

ለሞርጋን መልእክት የደረሰው ሌሊት ላይ ነው። ከወንድሙ ፍራንክ ጋር ጭምብሎቹን ይዞ ወደ ሥፍራው ገሠገሠ፤ ሌሎች ለመግባት በፈሩበት ሰዓትም ሁለቱ ወንድማማቾች ከጥቂት ፈቃደኞች ጋር ወደ ዋሻው ወረዱ። በሕይወት የነበሩትን አወጡ፤ የሞቱትንም አስከሬን ለቤተሰቦቻቸው አደረሱ። በአደጋው ሃያ ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ከአደጋው በኋላ ለጀግንነት የተሰጠው ዋና ሽልማት ለሌሎች ሲደርስ ሞርጋን ታለፈ። የከተማዋ አንዳንድ ታዋቂ ዜጎች ግን የሠራውን አይተው የወርቅ ሜዳሊያ ሸለሙት። ጭምብሉን የፈጠረው ጥቁር ሰው መሆኑ በጋዜጦች በታወቀ ጊዜ ያዘዙትን ዕቃ የሰረዙ ደንበኞችም እንደነበሩ ተመዝግቧል። ሞርጋን ይህን በደል ተቀብሎ ዝም አላለም። ቀደም ሲል የክሊቭላንድ ጥቁሮች ማኅበር እንዲመሠረት ከረዱት አንዱ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ የጥቁሮችን ጉዳይ የሚዘግብ ክሊቭላንድ ኮል የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ።

የክሊቭላንድ ጎዳናዎች

በዚያን ዘመን የአሜሪካ ከተሞች ጎዳናዎች የሁሉም መገናኛ ነበሩ። በፈረስ የሚሳቡ ጋሪዎች፣ ብስክሌቶች፣ በሐዲድ የሚሄዱ ትራሞች፣ እግረኞችና ቁጥራቸው ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር አውቶሞቢሎች በአንድ መንገድ ላይ ይጋፉ ነበር። ፍጥነታቸው የተለያየ ከመሆኑም በላይ ሁሉም የሚስማሙበት ደንብ ገና አልጸናም ነበር።

ክሊቭላንድ ለችግሩ መፍትሔ ፍለጋ ከቀደሙት ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1914 በዩክሊድ ጎዳናና በምሥራቅ 105ኛ መንገድ መገናኛ ላይ፣ ጄምስ ሆግ የነደፈው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የትራፊክ መብራት ተተከለ። ቀይና አረንጓዴ መብራቶችን በዳስ ውስጥ የተቀመጠ ፖሊስ ይቆጣጠራቸው ነበር። የእሳት አደጋና የፖሊስ ተሽከርካሪዎች በአስቸኳይ ጊዜ እንዲያልፉ መብራቱን መለወጥ የሚቻልበት ዘዴም በንድፉ ተካትቶ ነበር። ለአንድ ዓይነት ተሽከርካሪ በመብራት ቅድሚያ መስጠት የሚለው ሐሳብ፣ እንግዲህ፣ ከትራፊክ መብራት ጋር አብሮ የተወለደ ነው ለማለት ይቻላል።

ሆኖም የዚያን ጊዜዎቹ ምልክቶች አንድ ጉድለት ነበራቸው። ትእዛዛቸው ሂድ እና ቁም ብቻ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ለውጥ ድንገተኛ ነበር። አንዱ ተሽከርካሪ መስቀለኛውን አጋምሶ ሳለ በሌላው አቅጣጫ ያለው እንዲንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ በዚህ ቅጽበት ይጋጫሉ። ሞርጋን አንድ አውቶሞቢል ከፈረስ ጋሪ ጋር ሲጋጭ በዓይኑ አይቶ ጉዳዩን ማሰላሰል እንደጀመረ ይነገራል።

ሦስተኛው ምልክት

ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1922 ያመለከተበት የትራፊክ ምልክት እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1923 በቁጥር 1,475,024 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። መሣሪያው ቁም እና ሂድ የሚሉ ጽሑፎች ያሉባቸው ክንዶችን የተሸከመ ምሰሶ ሲሆን፣ ፖሊሱ ከታች እጀታውን በማዞር ያንቀሳቅሰዋል። ዋናው አዲስ ነገር ክንዶቹ ወደ ላይ ሲነሡ የሚሰጡት ትእዛዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ በሁሉም አቅጣጫ ያለው ትራፊክ ይቆማል። አንዱ አቅጣጫ ቆሞ ሌላው ከመንቀሳቀሱ በፊት በመካከል የቀረው ተሽከርካሪ መስቀለኛውን ለቆ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እግረኛም ያለ ስጋት ለመሻገር ዕድል ያገኛል። ትራፊክ በሚቀንስበት ሌሊት ደግሞ ክንዶቹ በከፊል ዝቅ ብለው አሽከርካሪው በጥንቃቄ እንዲያልፍ ያመለክታሉ።

የሞርጋን የሥራ ድርሻ በልኩ ሊታይ ይገባዋል። የመጀመሪያው የትራፊክ ምልክት የእርሱ አይደለም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1868 በጋዝ የሚበራ ምልክት ተክላ ነበር፤ በዲትሮይት ከተማም ዊሊያም ፖትስ የተባለ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1920 ሦስት ቀለማት ያሉትን መብራት ሥራ ላይ አውሏል። በሌላ በኩል ሞርጋን በማስጠንቀቂያ ፋንታ ሙሉ ፋታን፣ ሁሉም የሚቆምበትን አጭር ጊዜ፣ በቀላልና በርካሽ መሣሪያ ማስገባቱ የራሱ ድርሻ ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደሚጠቀሰው መብቱን ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ40,000 ዶላር ሸጧል። በእጀታ የሚዞሩት ምሰሶዎች በአውቶማቲክ መብራቶች ተተክተው ከጎዳና ቢጠፉም፣ ዛሬ ከቢጫው መብራት በኋላ በሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚበራባቸው ጥቂት ሰከንዶች ያንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1931 ለክሊቭላንድ ከተማ ምክር ቤት በግሉ ተወዳደረ፤ ነገር ግን አልተመረጠም። እ.ኤ.አ. በ1943 ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያዘው፤ የዓይኑ ብርሃንም ቀስ በቀስ ደከመ። ይህም ሆኖ የፈጠራ ሥራውን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1963 በ86 ዓመቱ ዐረፈ፤ በክሊቭላንድ ሌክ ቪው መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ከእጀታ ወደ ሳተላይት

ሞርጋን ካረፈ ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ጂ.ፒ.ኤስ. በመባል የሚታወቀው የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ተመነጠቀች፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ጊዜንና ያሉበትን ቦታ የሚገልጽ መልእክት ያስተላልፋሉ። በአውቶቡሱ ላይ የተገጠመው መቀበያ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የመጣው መልእክት ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በማነጻጸር የራሱን ቦታ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በሲቪል ተጠቃሚዎች ላይ ሆን ተብሎ ተጥሎ የነበረው የትክክለኛነት ገደብ ሲነሣ፣ ዘዴው ለከተማ ትራንስፖርት ይበልጥ ተስማሚ ሆነ።

ከዚያ በፊት መብራቱ አውቶቡስ መምጣቱን እንዲያውቅ አስፋልት ቆፍሮ ሽቦ መቅበር ወይም በመንገድ ዳር ልዩ መሣሪያ መትከል ያስፈልግ ነበር። የሳተላይት ዘዴ ግን ከመስቀለኛው በፊት ያለውን መለያ ነጥብ በካርታ ላይ ብቻ ለመወሰን ያስችላል። አውቶቡሱ ነጥቡን ሲያልፍ በሬዲዮ መልእክት ይልካል፤ የመብራት መቆጣጠሪያውም አረንጓዴውን ለጥቂት ሰከንዶች ያራዝመዋል፣ ወይም ቀዩን ያሳጥረዋል። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ባሉት ዓመታት 8,000 ያህል አውቶቡሶቿን በዚህ ዓይነት መሣሪያ አስታጥቃለች። ረጃጅም ሕንጻዎች የሳተላይቱን መልእክት በሚከልሉበት ቦታ የጎማው ዙር ቆጠራና የመዞር አቅጣጫ መለኪያ መሣሪያ ጉድለቱን እንዲሞሉ ተደርጓል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይነካ አንድ ነገር አለ። ቢጫው መብራት፣ ሁሉም የሚቆምበት ፋታና እግረኛው መንገዱን አቋርጦ የሚጨርስበት ጊዜ አውቶቡሱ ቢዘገይም አያጥሩም። ቅድሚያ የሚሰጠው ከሌላው አረንጓዴ ላይ ሰከንዶችን በመውሰድ እንጂ የሰውን ደኅንነት በማጓደል አይደለም። ሞርጋን በ1923 ያስመዘገበው ምልክት ይህንኑ ፋታ ለመጠበቅ የተሠራ ነበር።

ቅድሚያ የማን ነው

የአውቶቡስ ቅድሚያ ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይገለጣል። 60 ሰዎች የጫነ አውቶቡስ በቀይ መብራት ላይ 30 ሰከንድ ቢቆም፣ በድምሩ የ30 ደቂቃ የሰው ጊዜ ይባክናል፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘ አውቶሞቢል በዚያው መብራት ቢቆም የሚባክነው ግን ግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚህም በላይ የዘገየ አውቶቡስ በሚቀጥለው ፌርማታ ብዙ ተሳፋሪ ስለሚጠብቀው ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው የሚመጣው ደግሞ ይደርስበታል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ተከታትለው ሲያልፉ ሌላው ተሳፋሪ ለረጅም ጊዜ አውቶቡስ አጥቶ ይቆማል። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ቅድሚያው ለሁሉም አውቶቡስ ሳይሆን ከሰዓቱ ለዘገየው ብቻ ይሰጣል።

የሞርጋን ከተማ ራሷ ለዚህ ትምህርት ሰጪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሄልዝ ላይን የተባለው ፈጣን የአውቶቡስ አገልግሎት፣ ከ94 ዓመታት በፊት ያ የመጀመሪያው መብራት በተተከለበት በዩክሊድ ጎዳና ላይ ተከፈተ። አውቶቡሶቹ በአብዛኛው መንገድ የራሳቸው የተከለለ መስመር ሲኖራቸው፣ በመብራት ላይ ቅድሚያ እንዲያገኙም ታቅዶ ነበር። ሆኖም የመብራት ቅድሚያው በብዙ መስቀለኛ መንገዶች እንደታሰበው ሳይሠራ ለዓመታት ቆየ፤ አውቶቡሶቹም ዘመናዊ መሣሪያ እያላቸው ባዶ መንገድ ሲያልፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መሣሪያው ማን እንደመጣ ያሳውቃል፤ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ግን ሰው ነው። ውሳኔው ካልጸና ከሳተላይት የሚመጣው መልእክት ብቻውን አንድም ተሳፋሪ ቀድሞ አያደርስም።

መታሰቢያ

ክሊቭላንድ በሕይወት ሳለ ለሞርጋን የነፈገችውን ክብር ዘግይታም ቢሆን ሰጥታዋለች። ከኤሪ ሐይቅ ውኃ የሚያጣራው የከተማዋ ጣቢያ በስሙ ተሰይሟል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣቶችን ወደ ትራንስፖርት ሙያ ለመሳብ ያቋቋመውን መርሐ ግብር በእርሱ ስም ሰይሞታል።

ያረፈበት መካነ መቃብር በር በዚያው በዩክሊድ ጎዳና ላይ ነው። የሄልዝ ላይን አውቶቡሶች በየቀኑ በፊቱ ያልፋሉ፤ በመንገዳቸው ላይ ባሉት መስቀለኛ መንገዶችም አንዱ አረንጓዴ ጠፍቶ ሌላው ከመብራቱ በፊት ሁሉም ይቆማል። እግረኛው የመጨረሻ እርምጃውን የሚጨርሰው፣ በመካከል የቀረውም ተሽከርካሪ ለቆ የሚወጣው በዚያ አጭር ጊዜ ነው።